አንድ ሞተር በሁለት ገላ፦ የስፖርት ሴዳን ወይስ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና?

የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ላለፉት በርካታ ዓመታት አንድ ዓይነት ሞተር በሁለት ፈጽሞ በማይመሳሰሉ መኪኖች ላይ እየገጠመ ሲሸጥ ቆይቷል። ሞተሩ 3 ሊትር ነው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩና ቱርቦ የተገጠመለት ሲሆን፣ እስከ 2024ቱ ሞዴል ድረስ ለአሜሪካ ገበያ በቀረቡት በሁለቱም መኪኖች ላይ 382 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ኩባንያው ይገልጻል። በመደበኛነት የሚመጣው ካምቢዮም በሁለቱ ላይ ባለ ስምንት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው። አንደኛው መኪና ኤም340አይ የሚባለው ባለ አራት በርና ባለ አምስት መቀመጫ ሴዳን ነው። ሌላኛው ዜድ4 ኤም40አይ ይባላል፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበርና ወደ ኋላ የሚታጠፍ የጨርቅ ጣሪያ አለው።

ይህ አጋጣሚ ለገዢ ትልቅ ጥቅም አለው። ሞተሩ አንድ በመሆኑ፣ ሁለቱን መኪኖች ነድቶ የወረደ ሰው የሚያስተውለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ከገላቸው የመጣ ነው። በመሆኑም ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛውን ልግዛ ብሎ ለሚያመነታ ሰው፣ እነዚህን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እያዩ ነገሩን መረዳት ከብዙ ክርክር ያድናል።

ጥያቄው አሁን የተነሣበት ምክንያትም አለ። ባለ ሁለት ወንበር መኪኖች አንድ በአንድ ከገበያ እየወጡ ነው። የመርሴዲስ ኤስኤልሲ በ2020፣ የአውዲ ቲቲ በ2023፣ የጃጓር ኤፍ ታይፕ በ2024 ምርታቸው ቆሟል፤ በቤንዚን የሚሠሩት የፖርሽ 718 ቦክስተርና ኬይማንም በ2025 ተከትለዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜድ4 እና የቶዮታው ጂአር ሱፕራ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች የ2026ቱ ሞዴል የመጨረሻው እንደሚሆን አስታውቀዋል። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ከዚህ በታች የተጻፈው በተለይ የሚጠቅመው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖረው አንባቢ ነው።

ሁለቱ ስሞች ምን ማለት ናቸው?

ሴዳን የምንለው በሦስት ሳጥን የተሠራ የሚመስለውን የተለመደ የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ከፊት የሞተር፣ ከመሀል የሰው፣ ከኋላ የዕቃ ሳጥን። የስፖርት ሴዳን ይህንኑ ቅርጽ ሳይለቅ ጠንካራ ሞተር፣ ደረቅ ያለ ሞላ፣ ትልቅ ፍሬንና ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመለት ነው። በመንገድ ላይ ቆሞ ላየው ሰው ከጎረቤት መኪና ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው መሪውን የያዘው ሰው ነው። የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ በ1950 ያወጣውን 1900 የተሰኘ ሴዳን ሲያስተዋውቅ እሽቅድምድም የሚያሸንፍ የቤተሰብ መኪና ይለው ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1959 የወጣውን ጃጓር ማርክ 2 ፖሊሶችም ይነዱት፣ ዘራፊዎችም ይመርጡት ነበር፤ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነበር፣ አራት ሰው ጭኖ ይበራል።

ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ግን ሲነደፍም ለሹፌሩና አጠገቡ ለሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ታስቦ ነው። ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ ሮድስተር፣ የማይከፈት ከሆነ ኩፔ ይባላል። ኩፔ የሚለው ስም ትንሽ የኋላ ወንበር ላላቸው ባለ ሁለት በር መኪኖችም ስለሚሰጥ፣ ማስታወቂያ ላይ ስሙን ብቻ አንብቦ መኪናው ስንት ሰው እንደሚይዝ መገመት ያሳስታል። የዚህ ዘር ዋና ተጠሪ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየው የጃፓኑ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ ይሉታል። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛው ሚያታ ከፋብሪካ ወጥቷል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተሸጠ ሌላ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና የለም።

ሁለቱ ዓይነቶች ሞተር መዋዋሳቸውም የቆየ ነገር ነው። ቢኤምደብሊው በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤም1 የተባለ፣ ሞተሩ ከወንበሮቹ በስተኋላ የተቀመጠ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሠርቶ ነበር። ያ መኪና ጥቂት ብቻ ተመርቶ ቆመ፤ ሞተሩ ግን ተሻሽሎ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤም5 በተባለው የመጀመሪያ ሴዳን ኮፈን ሥር ገባና የኩባንያውን ስም ከመቼውም በላይ አስጠራ።

ሞተሩ አንድ ከሆነ ለምን እኩል አይፈጥኑም?

የፈረስ ጉልበት ብቻውን ስለ ፍጥነት ብዙም አይናገርም። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዋናው ጥያቄ ፈረሱ ምን ያህል ተጭኖበታል የሚለው ነው። ኤም340አይ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ዓይነት ወደ 1,745 ኪሎ ሲመዝን፣ ዜድ4 ወደ 1,560 ኪሎ ነው። በሴዳኑ ላይ እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 4.6 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ በባለ ሁለት ወንበሩ ላይ 4.1 ኪሎ ያህል ብቻ። ቢኤምደብሊው ራሱ ባወጣው መረጃ መሠረት፣ ዜድ4 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.9 ሰከንድ፣ ሴዳኑ 4.4 ሰከንድ ይወስድባቸዋል።

ግማሽ ሰከንድ በወረቀት ላይ ትልቅ ይመስላል፤ በመንገድ ላይ ግን ከመብራት ተነሥቶ የሚሄድ ሰው በቀላሉ የሚለየው አይደለም። ሴዳኑ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን ደግሞ፣ ክብደቱ ጨምሮም ቢሆን አነሣሡ ላይ ጎማው ስለማይንሸራተት፣ ጊዜው ወደ 4.1 ሰከንድ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ገንዘብ ያለው ሰው የቢኤምደብሊውን ኤም3 ሴዳን ወይም 668 የፈረስ ጉልበት ያለውን ካዲላክ ሲቲ5 ቪ ብላክዊንግ ቢገዛ፣ በአራት በር መኪና አብዛኞቹን ባለ ሁለት ወንበሮች ጥሎ ይሄዳል።

በሌላው ጫፍ ያለው ሚያታ 181 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። ክብደቱ ወደ 1,060 ኪሎ ቢሆንም እያንዳንዱ ፈረስ 5.9 ኪሎ ገደማ ስለሚሸከም፣ ከኤም340አይ ጋር በቀጥታ መንገድ ቢሽቀዳደም ያለ ጥርጥር ይሸነፋል። እንዲህም ሆኖ ሁለቱንም ነድተው ሚያታን የመረጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ፍጥነት ፈልጎ ባለ ሁለት ወንበር የሚገዛ ሰው፣ በትንሽ ገንዘብ ከሴዳን ሊያገኘው የሚችለውን ነገር በውድ እየገዛ ነው፤ ባለ ሁለት ወንበሩ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ከፊት ጎማና ከኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት መሐንዲሶች ዊልቤዝ ይሉታል። በኤም340አይ ላይ ይህ ርቀት 2 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር፣ በዜድ4 ላይ 2 ሜትር ከ47፣ በሚያታ ላይ ደግሞ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነው። አልጋ ተሸክመው በጠባብ መተላለፊያ ያለፉ ሰዎች ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ረጅሙ አልጋ እስኪዞር ግድግዳ ይነካል፣ ትንሹ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ወንበር ግን እንዲያው በእጅ ይዞራል።

ርዝመቱ ብቻም አይደለም፤ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ወሳኝ ነው። ሁለት ጄሪካን ውሃ የያዘ ሰው ክንዱን ዘርግቶ በአንድ እግሩ ለመሽከርከር ቢሞክር፣ መጀመሪያ እንቢ ይለዋል፣ ከጀመረ በኋላ ደግሞ መቆም ያስቸግረዋል። ጄሪካኖቹን ደረቱ ላይ ቢያቅፋቸው ግን ሲፈልግ ይዞራል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ባለ ሁለት ወንበር መኪና የኋላ ወንበርና ረጅም የዕቃ ሳጥን ስለሌለው ከባድ ከባዱ ነገር ሁሉ ወደ መሀል ይሰበሰባል። በፖርሽ ቦክስተርና ኬይማን ላይ ሞተሩ ራሱ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ይህ ጠባይ በጣም ይጎላል።

ሦስተኛው ነገር ቁመት ነው። የሴዳኑ ጣሪያ ከመሬት 1 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚያታ ጣሪያ ግን 1 ሜትር ከ23 ገደማ ነው። በሚያታ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሩን ከፍቶ እጁን ቢዘረጋ አስፋልቱን ይነካል። ሰውም ዕቃም መሬት አጠገብ ሲቀመጥ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ማዘንበሉ ይቀንሳል፤ አህያ ላይ የተጫነ ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር እንደሚያዘነብለው ማለት ነው።

እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ምን እንደሚመስሉ በአንድ አደባባይ ላይ ማየት ይቻላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ወደ አደባባይ ሲገቡ፣ በሴዳኑ ውስጥ መሪው ሲዞር መጀመሪያ አፍንጫው ይዞራል፤ ቀጥሎ ገላው ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ከዚያ የኋላው ክፍል ይከተላል። ድርጊቱ ፈጣንና የሠለጠነ ቢሆንም ሦስት እርምጃ መሆኑ ይታወቃል። በዜድ4 ወይም በሚያታ ውስጥ ሹፌሩ ከኋላ ጎማዎቹ ጥቂት ወደ ፊት ብቻ ስለሚቀመጥ፣ እጁ ሲዞር ወገቡም አብሮ ይዞራል፤ መኪናው በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰጠውን ስሜት ሴዳኑ ለመስጠት የመንገዱን ሕግ መጣስ ይፈልጋል። የሚያታ ፍቅር ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ተጠቅሞም ሹፌሩ ቅጣት ሳይመጣበት ቤቱ ይገባል።

ማርሽ በእጁ መቀየር ለሚወድ ሰውም ልዩነት አለ። ሚያታ እስካሁን በፍሪሲዮን ይሸጣል፤ ዜድ4ም በመጨረሻ ዓመታቱ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል አማራጭ ተጨምሮለታል። ኤም340አይ ግን ማንዋል የለውም።

ጣሪያ የሚከፈት መኪና አንድ ዋጋ ይከፍላል። ክዳን ያለው የጫማ ካርቶን በእጅ ሲጠመዘዝ አልጠመዘዝም ይላል፣ ክዳኑ ሲነሣ ግን ወዲያው ይጣመማል። ሮድስተር ሠሪዎች ይህን ለማካካስ ወለሉንና የበሩን ሥር በብረት ያጠናክራሉ፤ ይህም ኪሎ ይጨምራል። በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ በአሮጌ ሮድስተር የሄደ ሰው ዳሽቦርዱና መስታወቱ ሲንቀጠቀጡ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

አራቱ በሮች ምን ይመልሳሉ?

የኤም340አይ የዕቃ ቦታ 480 ሊትር፣ የዜድ4 281 ሊትር፣ የሚያታ 130 ሊትር ገደማ ነው። ሊትር ለዓይን ስለማይታይ በሌላ መንገድ እንየው። ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበር ሰው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ የተፈቀደለትን ሳይሞላ ሲሄድ አልታየም። ሁለቱ ትላልቅ ሻንጣዎች በሴዳኑ ውስጥ ገብተው የኋላው ወንበር ለሸኚዎች ይተርፋል። በዜድ4 ውስጥ አንዱ ሻንጣ ራሱ ቅርጹ ካልተመቸ ላይገባ ይችላል። በሚያታ ከሆነ፣ መንገደኛውን ሸኝቶ ሻንጣውን የሚያደርስ ሌላ ሰው መፈለግ ነው።

ሻንጣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው ሊባል ይችላል። ሰው ግን ዘወትር አለ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲወጡ እናትየው «እነሱንም አድርሳቸው» ያለች ዕለት፣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና የያዘ ልጅ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል። እንዲሁም በኡበር ወይም በሊፍት አልፎ አልፎ የመሥራት ሐሳብ ያለው ሰው፣ ሁለቱም ባለ አራት በር መኪና እንደሚጠይቁ ማወቅ ይኖርበታል፤ ይህ ብቻውን ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ረጅም ጉዞ ላይም ሴዳኑ ይልቃል። ረጅም ዊልቤዝ በመታጠፊያ ላይ ቢያዘገይም በቀጥታ መንገድ ላይ ያረጋጋል፤ የፊት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የኋላው ሩቅ ስለሆነ ገላው እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ አይልም። በጨርቅ ጣሪያ ሥር በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ለሁለት ሰዓት የተጓዘ ሰው ደግሞ ድካሙ ከእግሩ ሳይሆን ከጆሮው ይጀምራል።

ልጅ ካለ ወይም ሊወለድ ከሆነ?

እዚህ ላይ ነገሩ ከምቾት ወደ ደኅንነት ይሸጋገራል። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ልጆች ቢያንስ እስከ 12 ዓመታቸው ድረስ በኋላ ወንበር እንዲቀመጡ ይመክራል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሰር የሕፃን ወንበር ደግሞ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ በፍጹም መቀመጥ የለበትም፤ ኤርባግ የሚፈነዳበት ኃይል የሕፃኑን ወንበር ከጀርባው ስለሚመታው አደጋው ከባድ ነው። አንዳንድ ባለ ሁለት ወንበር መኪኖች የተሳፋሪውን ኤርባግ የሚያጠፋ ዘዴ አላቸው፤ ዘዴውና የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያዩ፣ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍና የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ማንበብ ግድ ነው። ለሕፃን ወላጅ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ብቸኛ የቤት መኪና እንዲሆን የሚመክር አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በረዶና ሙቀትስ?

ባለ ሁለት ወንበር መኪና በረዶ ላይ አይሄድም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ዜድ4ም ሚያታም በኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዱት፤ ኤም340አይ ግን በአራቱም ጎማ የሚነዳ አማራጭ አለው። ይሁን እንጂ ከሞተሩ ይልቅ የሚወስነው ጎማው ነው። የስፖርት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚጫንባቸው የበጋ ጎማ፣ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገድ መቆንጠጥ ያቅተዋል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሴዳን በበጋ ጎማ በጃንዋሪ ሚኒሶታ ውስጥ ቢነዳ፣ ለመነሣት ቢሳካለትም ለመቆም አይሳካለትም፤ ፍሬን ሲያዝ አራቱም ጎማ መነዳቱ ምንም አይጨምርምና። እውነተኛ የክረምት ጎማ ያደረገ ሚያታ በተጠረገ መንገድ ላይ በደኅና ይሄዳል፤ የሚያግደው ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ያለው ሆዱ ነው፣ ያልተጠረገ በረዶ እንደ ማረሻ ይገፋል።

በዱባይ ወይም በዶሃ የሚኖር ሰው ሮድስተር ሲያስብ ጣሪያ የሚከፈትባቸው ወራት ቀዝቀዝ ያሉት ብቻ መሆናቸውን ያስታውስ፤ በሙቀቱ ወራት ጣሪያ መክፈት ምድጃ ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ወጪው ምን ያህል ይለያያል?

ኢንሹራንስ ላይ ባለ ሁለት ወንበር ሁልጊዜ ይወደዳል የሚለው ወሬ በጅምላ የሚታመን አይደለም። ኩባንያዎች የሚያዩት የሹፌሩን ዕድሜና የመንዳት ታሪክ፣ የሚኖርበትን አካባቢ፣ እንዲሁም ያ ሞዴል ከዚህ በፊት ያስከፈላቸውን ካሳ ነው። 181 ፈረስ ያለው ሚያታ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ከ382 ፈረሱ ሴዳን ሊረክስ ይችላል። መኪናውን ከመውደድ በፊት የሁለቱን ሞዴል ትክክለኛ ስም ሰጥቶ ዋጋ መጠየቅ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ጎማ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ወጪ ነው። በብዙ ጠንካራ የስፖርት መኪኖች ላይ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይሰፋል። እንዲህ ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ ስለማይቻል፣ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። አብዛኞቹም ስኮርታ የላቸውም፤ ጎማ ሲተነፍስ ያለው አማራጭ የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ፣ ወይም ያለ አየር ጥቂት የሚያስኬድ ጎማ ነው።

በነዳጅ ረገድ ማንዋሉ ሚያታ በአሜሪካ የመንግሥት መለኪያ በአማካይ በጋሎን 29 ማይል ይሄዳል፤ ለስፖርት መኪና ጥሩ የሚባል ነው።

መካከለኛ መንገድ የለም?

አለ፤ በሁለት መልክ። የመጀመሪያው ሁለት በርና ከኋላ ትንንሽ ወንበሮች ያሉት መኪና ነው። ቶዮታ ጂአር86 228 የፈረስ ጉልበትና 1,280 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው፣ በጠባዩ ለሚያታ የቀረበ መኪና ሲሆን፣ የኋላ ወንበሩ ለአዋቂ ሰው ቅጣት ቢሆንም ለትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ለገበያ ዕቃና በጭንቅ ጊዜ ለአንድ ልጅ ይበቃል። ወንበሩ ወደ ፊት ሲታጠፍ አራት ትርፍ ጎማ ይጭናል፤ የሠሩት ሰዎች ወደ እሽቅድምድም ቦታ ጎማ ይዞ የሚሄደውን ሰው አስበው ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡን ከሁለት መክፈል ነው። የአንድ አዲስ ኤም340አይ ዋጋ፣ ያገለገለ ሚያታና ያገለገለ ተራ የቤት መኪና በአንድነት ሊገዛ ይችላል። በእኔ ግምት ነገሩን የሚወስነው በቤቱ ውስጥ ስንት መኪና አለ የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ የስፖርት ሴዳኑ ይመረጣል፤ ባለ ሁለት ወንበሩ ብቻውን ሲሆን ባለቤቱ በየሳምንቱ ሰው መኪና ይለምናል። ሌላ መኪና ካለ ደግሞ ዜድ4ን የመሰለውን ውድና ፈጣኑን ሳይሆን፣ ቀላሉንና ርካሹን ሚያታ ማየት ይበጃል፤ ጉልበት ከሆነ ሴዳኑም አለውና፣ ሴዳን ሊሰጥ የማይችለው ቅለቱን ነው።

ማቆሚያ ቦታ አንድ ብቻ በሆነበት አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ ሁለተኛው መንገድ ዝግ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ወር ሙሉ የሄደበትን ቦታና አብሮት የተሳፈረውን ሰው ቁጥር በስልኩ ላይ ቢመዘግብ፣ መልሱን ከማንም ሻጭ የተሻለ ያገኘዋል። ከራሱ ጋር ሦስት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተጓዘበት ቀን አራት ወይም አምስት ብቻ ከሆነ፣ ለእነዚያ ቀናት መኪና መከራየት ይቀላል።

ሊገዙ ሲሄዱ ምን ይታይ?

ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ይንዱ፤ ቢቻል መታጠፊያም፣ አውራ ጎዳናም፣ የተበላሸ አስፋልትም ያለበት ይሁን። የሕፃን ወንበር ያለው ሰው ይዞት ሄዶ በሴዳኑ ውስጥ ራሱ አስሮ ይፈትሽ፤ ወንበሩ ከኋላ ሲታሰር የፊት ተሳፋሪው ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ያን ጊዜ ይታያል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ85 ያለፈ ሰው በሚያታ ውስጥ ጣሪያው ተዘግቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ አምስት ደቂቃ ላይ የሚመች ወንበር ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከመኪናው ሲወጡም ያስተውሉ። ከሴዳን ሰው እግሩን አውጥቶ ይነሣል፤ ከሚያታ ግን መጀመሪያ በሩን ጥግ ድረስ ከፍቶ፣ አንዱን እግር አውጥቶ፣ የበሩን ጠርዝ ወይም የመስታወቱን ዓምድ ጨብጦ ራሱን ወደ ላይ ይስባል። ወገቡን የሚያመው ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይሞክረው።

ያገለገለ የስፖርት ሴዳን ሲታይ ዓይን መጀመሪያ ወደ አራቱ ጎማዎች ይሂድ። የኋላዎቹ የውስጥ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ የጎማው አቀማመጥ ተዛብቷል፤ አራቱ የተለያየ ስም ያላቸው ርካሽ ጎማዎች ከሆኑ ደግሞ ባለቤቱ በሌላው ጥገናም እንዲሁ ሲቆጥብ እንደነበር መጠርጠር ተገቢ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ያልተመጣጠነ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈውን ክፍልም ይጎዳል።

በጨርቅ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ ውሃው የሚወርድበትን ይፈልጉ። ሮድስተሮች በጣሪያው ሥር የሚሰበሰበውን የዝናብ ውሃ በወንበሮቹ ጀርባ በኩል ወደ መሬት የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው፤ እነዚህ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሻጩ ምንጣፉን በአየር አድርቆት ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ አይታይም። እጅዎን ከወንበሩ ጀርባ እስከ ታች አስገብተው ምንጣፉን ይጫኑት፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ከምንጣፉ በኋላ ነው የሚደርቀው።